ኩላሊት የእኔ ድርሻ አልነበረም

ነርስ ልሁን ብዬ የተነሳሁት ሰው ስለምወድ አይደለም። አንዲት ነርስ ስለናቅኩ ነው። ሌላው አመልካች "ከልጅነቴ ጀምሮ የታመመ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል" እያለ ማመልከቻ ይጽፋል። እኔ የታመመ ሰው ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። አባቴ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ግን የምቀይረው መንገድ አጣሁ። እናቴ ቀድማ አርፋለች፣ ወንድሜ የመጋረጃ ሱቃችንን ይዟል፣ ስለዚህ አልጋው አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ለእኔ ደረሰችኝ።

የክፍሉ ነርስ አጭር፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። ጠዋት ትመጣና አንዲት ትንሽ ብርጭቆ አሳይታኝ፣ ለቀኑ የሚፈቀድለት ውሃ ይቺ ብቻ ናት ትለኛለች። ለምን ስላት "ታዟል" ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። አባቴ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ እግሩ አብጦ ካልሲው አልወጣ ብሏል፣ እሷ ስለ ብርጭቆ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ቆሽቴ አርሮ፣ ለውሻ እንኳ ውሃ ይሰጣል ብዬ ክፍሉ ሙሉ እየሰማ ተናገርኳት። ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጽፋ ወጣች። እሷ ዞር ስትል እኔ ከቦርሳዬ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥቼ አባቴን አጠጣሁት። በማግስቱም አጠጣሁት። በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሽ እያጠረው፣ ትራስ ደግፎት እንደተቀመጠ ሞተ።

በአርባው ቀን፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ ለወንድሜ ነርስነት ልማር ነው አልኩት። ነርስ ማለት ምን እንደሆነ አሳያታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ለማን እንደማሳይ አላውቅም፤ ሴትየዋን ዳግመኛ እንደማላገኛት ግልጽ ነበር። ብቻ ንቀት ጥሩ ነዳጅ ነው፣ ያስነሳል።

ችግሩ እኔ ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩት በማኅበራዊ ሳይንስ ነው። የአክሱምን ነገሥታት እቆጥርልሃለሁ እንጂ ጉበት በየት በኩል እንዳለ አላውቅም። የነርሶች ትምህርት ቤቱ እንደኔ ላለ ሰው አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፦ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና የሰውነት አሠራር የሚባሉትን ኮርሶች ሌላ ቦታ ወስዶ የመጣ፣ የመግቢያ ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን ካለፈ ይገባል። ወንድሜ ሲሰማ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ፈቀደ። ለአንድ ዙር ብቻ ቅዳሜን ከሱቅ ለቀቀልኝ፤ መርካቶ ውስጥ ቅዳሜን መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ ዙር ካልገባሽ ቅዳሜዬን ትመልሻለሽ፣ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ አለኝ። ተስማማሁ። ያለኝ ዕድል ይሄው ነበር።

መርካቶ ሁሉ ነገር በጅምላ ይሸጣል፣ ሳይንስም እንደሚሸጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። ከሱቃችን ሦስት መታጠፊያ አልፎ ያለ ሕንፃ ላይ ምድር ቤቱ ፍራሽ፣ አንደኛው ፎቅ ጫማ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሻንጣ፣ አራተኛው ሳይንስ ነበር። ማስታወቂያው "የተፋጠነ" ይላል። ሌላው ዓለም ዓመታት የሚፈጅበትን እኛ በስምንት ቅዳሜና እሁድ እንጨርሰዋለን። ሊፍቱ ለዕቃ ብቻ ስለሆነ ተማሪው በደረጃ፣ ፍራሹ በሊፍት ይወጣል። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ትንፋሻችን ተቆራርጦ የመጀመሪያው ትምህርት ላቡን የሚጠርግ ሰው መቁጠር ይሆናል።

መምህራችን በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎረምሳ ነበር። ጋዋኑ ኪስ ላይ የተጠለፈው የሌላ ተቋም ስም ነው። የታክሲ ረዳት መዳረሻ እንደሚጠራ የአጥንት ስም ይጠራል፣ የተሳፈረ ይሳፈር፣ የቀረ ይቅር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሴልን ጨርሰን ከምሳ በኋላ ጡንቻ ውስጥ ገባን። ጥያቄ ስትጠይቀው "እሱን ቤት ታዩታላችሁ" ይላል። ቤት ያየነው ነገር ቢሰበሰብ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይወጣው ነበር።

ቤተ ሙከራ ተብሎ የተነገረን ደግሞ ከወገብ በላይ ያለ አንድ የፕላስቲክ ሰው ነው። ሆዱ ይከፈታል፣ ዕቃዎቹ እየተነቀሉ ይወጣሉ። ከኛ በፊት የነበሩት ዙሮች ነቅለው ሳይመልሱ የቀሩ ብዙ ነገር አለ። ጉበቱ በማስቲሽ ተለጥፏል፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ የሉም። መምህሩ ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አድርጎ እዚህ ጋ ኩላሊት እንዳለ አስቡት አለን። አሰብነው። ከዚያ ወደ ፊኛ አለፍን።

ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነበርን፣ ሁላችንም የገበያ ሰዎች። ሰብሳቢያችን ራሱን የሾመ አንድ የጫማ አከፋፋይ ነው። አፈ ቅቤ ነው፤ ቁጥሩ የማይሆንህን ጫማ ይለጠጣል ብሎ ይሸጥልሃል። ነርስ መሆን የፈለገው እጮኛው ዲግሪ የሌለው ባል አላገባም ስላለችው ነው። ዲግሪው የምን እንደሆነ አልገለጸችለትም ይመስለኛል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መጽሐፉን እያገላበጠ ተነሳና፣ ለዚህ ሁሉ ገጽ አንድ ሰው ብቻውን ምን አቅም አለው አለን። ኮንቴነር ሲመጣ ለብቻችን እናወርዳለን? አናወርድም። በጋራ አውርደን እንካፈላለን። የሰውነት አሠራሩ መጽሐፍም ስምንት ትልልቅ ምዕራፍ አለው፣ አንድ አንድ እንውሰድ፣ አንዱን ሁለት ሰው ይያዘው፤ እያንዳንዱ የራሱን እንደ ዳዊት ይድገመው፤ ፈተናው ላይ መልሱ ከባለቤቱ ወደ ሌላው ይሄዳል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ ዘጋው። ክፍሉ አጨበጨበ ማለት ይቻላል። እኔም ውስጤ ደስ አለው። እኛ ሰፈር ብልህነት ማለት ይሄው ነው፣ ብቻውን የሚሸከም ሞኝ ይባላል።

እምቢ ያሉት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። አንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመማ ቅመም የሚሸጡ፣ አርባዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው፣ እኛ እትዬ እንላቸዋለን። ሰው ለደም ግፊቱ፣ ለስኳሩ ብሎ ጥቁር አዝሙድ ሊገዛቸው ይመጣል፤ የሚሸጡለት ነገር ሰውነቱ ውስጥ የት እንደሚደርስ ሳያውቁ መሸጥ ሰልችቷቸው ነው የተመዘገቡት። ክፍል ውስጥ የሁላችንም መከራ ነበሩ። "መምህር፣ ይቅርታ፣ ይህቺን ደግመህ ብትላት" ይላሉ። ይደግምላቸዋል። ይጽፋሉ። እንደገና "ይቅርታ" ይላሉ። ለዙሁር ሶላት ወጥተው ሲመለሱ ደግሞ ያመለጣቸውን ካላገኙ አይቀመጡም። ጫማ አከፋፋዩ በሳቸው ምክንያት የተፋጠነው ትምህርት ፍጥነቱን አጣ ይል ነበር።

ምዕራፍ አልካፈልም ሲሉ ያልጠበቅነው አልነበረም። ምክንያታቸውን ግን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። "እኔ በርበሬ ስገዛ የጆንያውን አፍ አይቼ አልገዛም" አሉ። "እጄን እስከ ታች ከትቼ ነው። ከላይ ያማረ ዛላ አድርገው ከስር አፈር የሚሞሉ አሉ። አንድ ምዕራፍ ይዤ ሰው አልጋ አጠገብ ብቆም አላህ ይጠይቀኛል።"

ከንፈሬን መጠጥኩላቸው። የባስኩትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን በሱቃቸው ሳልፍ በየቅመሙ ቆርቆሮ ላይ የአጥንት ስም ጽፈው ለጥፈው አየሁ፤ ቁንዶ በርበሬው ላይ ክርን፣ ጥቁር አዝሙዱ ላይ ጭን። ቅዳሜ ክፍል ገብቼ፣ ከእትዬ አዝሙድ የገዛ ሰው ጭኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይሄዳል ብዬ አወራሁ። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ገቡና ቦታቸው ተቀምጠው ደብተራቸውን ከፈቱ።

ምዕራፉን የተከፋፈልነው በዕጣ ነው። አከፋፋዩ ስምንት ቁራጭ ወረቀት ባዶ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተተና አንድ አንድ አወጣን። ወረቀቴን ስገልጥ ኩላሊት ይላል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያንን ቃል ሳይ የፕላስቲኩ ወንበር፣ የካልሲው መስመር ያበጠ እግር ላይ ሰምጦ ያስቀረው ምልክት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ፈራሁ። ለሌሎቹ ግን ፈራሁ አላልኩም፣ ኩላሊት ምን ክብር አለው፣ የሽንት ነገር ነው አልኩ። አከፋፋዩ የደረሰው ልብ ነበር። ቀይረኝ አልኩት። ነጋዴ አይደል፣ ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ልብ ትልቅ ዕቃ ነው፣ ምራቂ ትጨምሪያለሽ አለኝ። ቆዳ የደረሳት ልጅ ሥራ በዝቶባት ሊወስድላት ቃል ገብቶ ነበርና እሱን ጣለብኝ። ልብን ከነቆዳው ወስጄ ኩላሊቱን አስረከብኩት። እንዳተረፍኩ ነበር የቆጠርኩት።

ልብን እንዴት አጠናሁት! መጋረጃ እየለካሁ የልብን በሮች እቆጥራለሁ። ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። አማኑኤል ካለው ቤታችን እስከ ሱቅ ባለው መንገድ ሙሉውን ዑደት ሁለት ጊዜ አዞረው ነበር። ስለ ሌላው ምዕራፍ አንድ ቀን አልተጨነቅኩም። ባለቤት አለዋ።

የተቋሙ የማጠቃለያ ፈተና እንደታሰበው ሆነ። እሁድ ጠዋት ነው፣ የራጉኤል ቅዳሴ በመስኮት ይሰማል። መምህሩ ወረቀቱን አድሎ ስልኩ ሲጠራ ወጣ፣ ስልኩም ሳይጠራ የወጣበት ጊዜ ነበር። መልሱ ከወንበር ወንበር ሄደ። ልብን ከእኔ ወሰዱ፣ ኩላሊትን ከአከፋፋዩ ወሰድኩ፣ ሀ፣ መ፣ ለ፣ ለ። ምን እንደሆኑ አላየሁም፣ ፊደሉን ነው የቀዳሁት። ስምንታችንም ኤ አገኘን። እትዬ ግድግዳውን ተጠግተው ብቻቸውን ሠርተው ሲ አመጡ። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን እሳቸውን ለማጽናናት ተራ የያዝነው እኛ ነን፣ ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ እያልን።

የነርሶች ትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ፈተና ላይ ግን ወንበሮቹ ተራርቀው ነበር፣ ፈታኙም ስልክ የለውም። ከፈተናው ጥያቄዎች መካከል ልብ ብዙ ቦታ ይዞ ስለነበር፣ የቀረውንም በግምት ስለሞላሁ፣ በጠርዝ አለፍኩ። አከፋፋዩ እዚያው በአፍጢሙ ተደፋ። ለቃለ መጠይቁ ከኛ ክፍል የተጠራነው ሁለት ብቻ ነን፣ እኔና እትዬ። በር ላይ አግኝቻቸው እንዴት እንዳለፉ ገረመኝ፤ መገረሜን ደብቄ እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው።

ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት ፀጉራቸው የሸበተ ትልቅ ነርስ ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በቀጥታ ያያሉ። ልብ እንዴት እንደሚሠራ ንገሪኝ አሉኝ። ቀናኝ አልኩ ለራሴ። ከላይ እስከ ታች አንዲት ቃል ሳልስት ለቀቅኩት፣ ሁለቱ ፈታኞች ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ሴትየዋም ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ጎበዝ አሉኝ። አሁን ያው ደም ኩላሊት ደረሰ እንበል፣ አሉ። ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ነው። ምን ትጠብቂያለሽ? ምንስ ትከለክይዋለሽ?

አፌን ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ የታየኝ ያ የፕላስቲክ ሰው ሆድ ነው፣ ባዶው ቦታ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ የሚቃጠልበትን ነገር ተናገርኩ።

"ኩላሊት የእኔ ድርሻ አልነበረም" አልኩ።

ፈታኞቹ ተያዩ። ሴትየዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አደረጉና ደህና አድርገው አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልሳቁም። "ልጄ" አሉኝ፣ "ታማሚው ግን ኩላሊቱን ይዞ ነው የሚመጣው።" ከዚያ አመስግነው አሰናበቱኝ። ስወጣ እትዬ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

ዝርዝሩ በሩ ላይ ሲለጠፍ የሳቸው ስም አለ፣ የእኔ የለም። ለወንድሜ ቅዳሜውን መለስኩለት። ሜትሩን ወረወረልኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ መጋረጃ መለካት ጀመርኩ። አከፋፋዩን በሳምንቱ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ነርስነት ድሮም ለእሱ እንደማይመጥን አጫወተኝ። አሁን ፋርማሲ በስድስት ሳምንት የሚያስተምር አግኝቶ ምዕራፍ የሚካፈል ሰው እያሰባሰበ ነው፣ ከፈለግሽ ቦታ አለ አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው አለፍኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ የፈሰሰውን እንኳ አላየውም።

እትዬ ሱቅ የሄድኩት ለምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም። እንኳን ደስ አለዎት ልበል ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ግማሹ ልቤ፣ ሲ አምጥተው እንዴት እንዳለፉ አንድ ሰበብ አግኝቼ ልመለስ ብሎ ነበር። የምሳ ሰዓት ነው፣ ገበያው ትንሽ ረገብ ብሏል። ሲያዩኝ የበርበሬ ጆንያ ላይ ካርቶን አንጥፈው ተቀመጪ አሉኝ። ምን ጠየቁሽ አሉ። ነገርኳቸው፣ የመለስኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እኔ ብሆን በሳቅ እሞት ነበር። እሳቸው ከባንኮኒው ስር ደብተራቸውን አወጡና ገልጠው ሰጡኝ። "ከዚህ አንብቢ፣ ለእኔም ልምምድ ይሆነኛል፣ ድምፅሽን አውጥተሽ" አሉኝ።

ደብተሩ ጠርዙ በቅመም እጅ ቀልቷል። መጽሐፉን አልገለበጡትም፣ በራሳቸው ቃል ነው የጻፉት። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ። ኩላሊት ሲደክም ውሃ ማስወጣት ያቅተዋል። የጠጡት ውሃ መውጫ ያጣል። እግር ያብጣል፣ ፊት ያብጣል። ሲብስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ የሚጠጣው በልክ ነው፣ በብርጭቆ ተለክቶ። ከስሩ፣ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ አንድ መስመር ጨምረዋል፦ ታማሚው ይጠማዋል፣ ይለምናል፣ አለመስጠት ከባድ ነው።

እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሱቁ በር ላይ አንድ ሰው የእርድ ዋጋ ጠየቀ፣ እትዬ በእጃቸው ቆይ አሉት። ስለ አባቴ ያውቁ ነበር፣ በምን እንደሞተ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አውርቼዋለሁ። ስለ ጠርሙሱ ግን ለማንም አላወራሁም። ያን ቀን ነገርኳቸው። ስንት ቀን እንዳጠጣሁት፣ ነርሷን ምን እንዳልኳት፣ ከዚያ እንዴት መተኛት አቅቶት ተቀምጦ እንደሚያድር። ገደልኩት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አልገደልሽውም አላሉኝም፣ ገድለሽዋልም አላሉኝም። ኩላሊቱ ቀድሞ ሞቶ ነበር፣ የቀረውን አላህ ያውቃል አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ገጹ ራስ ላይ መልሰው "ደግመሽ አንብቢው" አሉኝ።

ደግሜ አነበብኩት። በሳምንቱም ሄድኩ፣ አሁንም እሄዳለሁ፣ ከኩላሊት ወደ ሳንባ አልፈናል። ወንድሜ ሌላ ቅዳሜ ይሰጠኝ አይስጠኝ አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም። ያቺን ነርስ ግን ፈልጌ ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ ነበር። ስሟን ስለማላውቀው አጭር ናት፣ ፊቷ አይፈታም ብዬ ጠየቅኩ፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች አሉኝ። የምላትን ነገር መንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነው የሄድኩት፣ ይዤው ተመለስኩ።

አባቴ ከብርጭቆዋ ሲጠጣ ፊቱን ያዞርባት ነበር። ከእኔ ጠርሙስ ጠጥቶ ሲጨርስ ግን እጄን ይዞ፣ ተባረኪ ልጄ፣ ያዘንሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ ይለኝ ነበር።